የደከመ አፈር

ግንቦት 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡15
ሻይ ጥጄ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። ባሌ ማርቆስ ሊያስተምር ት/ቤት ሄዷል። እናቱ እንደ ትናንቱ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ተቀምጠዋል። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እኛ ጋ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ሁለት ሳምንታቸው። ሐኪሙ ሁለት ወር ዕቃ እንዳያነሱ፣ አገራቸው በዴሳ ያለውን እርሻቸውን እንዳያስቡ ብሏል። የእሳቸው አማርኛ ጥቂት፤ የእኔ፣ የደብረ ብርሃኗ ልጅ፣ ወላይትኛ ከዚያም ያነሰ። በምሠራበት ሆስፒታል መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ በወላይትኛ «በቀን ሦስት ጊዜ» እላለሁ። ጨዋታ ግን አልችልም።

ያው ቀን፣ ማታ 12፡40
ከሥራ ስመለስ ልብሳቸውን ቋጥረው ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ወደ በዴሳ ሊሄዱ! ማርቆስ ተቆጣ። እሳቸው አለቀሱ። እዚህ ምን ልሠራ ነው የምኖረው ነው የሚሉት።

ግንቦት 5፣ ረቡዕ
መስኮቱ ሥር ያሉትን አራት የቀለም ባልዲዎች ላጸዳ ተነሳሁ። ሁለት ዓመት ቃሪያና ጎመን ያበቀልኩባቸው። አፈሩ እንደ ሸክላ ደርቋል፤ የመጨረሻው ቃሪያ ትንሿን ጣቴን አያክልም። ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ልገለብጠው ስል እጄን ያዙኝ።
«አንተ! ይሄን ልትጥል ነው?» (እኔን አንተ ይሉኛል፣ ማርቆስን አንቺ። ለምደነዋል።)
ሞቷል እኮ እማዬ፣ አልኳቸው።
«አልሞተም። ደክሞታል። አንተ በላህ፣ በላህ። ለሱ ምን አበላህ?»
ውኃ ብቻ፣ አልኳቸው።
ሸራ አነጠፍን። እሳቸው በርጩማ ላይ ሆነው ያዛሉ፣ እኔ ጓሉን እሰብራለሁ። አሮጌውን ሥር አብረን ለቀምን። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ! ግማሹ አልገባኝም፤ ደስ አለኝ።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ
የወንድማቸው ልጅ ከበዴሳ በሚኒባስ ጆንያ ላከልን። ሾፌሩ ሲያቀብለኝ አፍንጫውን ይዞ። ለሌላ ምራት ቅቤ ይላካል፣ ለእኔ እበት! የከረመ፣ የደረቀ፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ።
ለሦስት አፈር አንድ እበት። የቡና አተላ። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት። አመድ፣ አንድ እፍኝ ብቻ። ውኃው ልክ የሚሆነው በጡጫ ሲጨበጥ ተያይዞ ሲቀር፣ ግን ጠብ የሚል ሲጠፋ ነው። ሸፈንነው። ይረፍ ተባለ።

ግንቦት 14፣ ዓርብ
ጥፋቴን ልናዘዝልሽ። ልረዳ ብዬ፣ ሳልጠይቅ፣ አንድ ሳህን የድንችና የሙዝ ልጣጭ ጨመርኩበት። ውኃም። ቤቱ ሸተተ! አከራያችን እትዬ አልማዝ ከታች ወጥተው የሞተ አይጥ ፍለጋ አልጋችን ሥር አጎነበሱ። እማዬ ባልዲውን ገልጠው አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ሳቁ። ስፌታቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳቁ። ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። እትዬም ተከተሉ፣ እኔም።
አገላበጥነው፣ ደረቅ ቅጠል አስገባንበት፣ ክፍት ተውነው።

ግንቦት 16፣ እሑድ
ሽታው የለም።

ሰኔ 3፣ ረቡዕ
ዛሬ ከፈትነው። ጥቁር፣ ልል፣ ዝናብ የመታው ጓሮ የሚሸት። ትል! ጮኽኩ። እሳቸው በመዳፋቸው አንስተው ወደ ባልዲው መለሱት፤ ሠራተኛ ነው አሉኝ። አፈሩን እያሳዩ «ቢታ» አሉ። ቢታ፣ አልኩ። አሁንም በደንብ አላልከውም ተብዬ አምስት ጊዜ ደገምኩ። ከዚያ ጎመን ዘራን።

ሰኔ 9፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡10
በቀለ!! ማርቆስን ቀሰቀስኩት። በፒጃማ ቆሞ ቆጠረ፤ ሃያ ሦስት።
ያው ቀን፣ ማታ
እትዬ አልማዝም የደረቀ አፈራቸውን በሳፋ ይዘው መጡ። ሁለቱ መስኮቱ ሥር ጓል እየፈረፈሩ እስከ ምሳ ተቀመጡ። ማርቆስ እናቱን ፕሮፌሰር ይላቸዋል። ይኮራሉ፣ ያልሰሙ እየመሰሉ።

ሐምሌ 1፣ ረቡዕ፣ ማታ 1፡00
ሐኪሙ ድነዋል አለ። ቤታቸው መግባት ይችላሉ። እልል ማለት ነበረብኝ። ኩሽና ገብቼ ሽንኩርት እየከተፍኩ አለቀስኩ፤ ሽንኩርቱ ነው ብዬ። እማዬ ተከትለውኝ ገቡ። አላመኑኝም።
በዴሳ ለአንተም አልጋ አለ አሉኝ። ከሠርጋችን ወዲህ በዴሳ የሄድኩት ሦስቴ ነው፤ ሦስቱንም ጠዋት ሄጄ ማታ ተመለስኩ።
«እንግዳ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። አንተ እንግዳ ነህ?»

ሐምሌ 2፣ ሐሙስ፣ ማታ 12፡30
የዓመት ፈቃድ ጠየቅኩ። ሁለት ሳምንት። አለቃዬ ምክንያቱን ጠየቁኝ፤ እናቴ ጋ ልሄድ ነው አልኩ። ደብረ ብርሃን ሩቅ ነው፣ መንገዱን አስቢበት አሉኝ። በዴሳ ነው አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ፈረሙ።
ነገ ከእማዬ ጋር በመጀመሪያው ሚኒባስ። ወደ ቤት ስገባ እማዬ የእርሻ ቦት ጫማ ገዝተውልኝ ቆዩኝ፣ በራሳቸው ልክ፤ ሁለት ቁጥር ይበልጠኛል። ካልሲ ደርቤ እየለካሁት ነው፣ ኮሪደሩ ላይ እየተንገዳገድኩ፣ እትዬ አልማዝና እማዬ እያጨበጨቡ፣ ቆይ ደብተሬ፣ ልወድቅ ነ