ስለ እኔ ምን አልሽ? የእትዬ ለምን የሕይወት ታሪክ

በቤተሰቡ «እትዬ ለምን» እየተባሉ የኖሩት የሥራና የማኅበረሰብ ጥናት ተመራማሪዋ፣ ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከፋብሪካ መካኒክ አባታቸው፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ ባለው የሠራተኞች ሰፈር ኅዳር 4 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው አባታቸው ናቸው። አፍ ከፈቱ ጀምሮ «ለምን?» ሳይሉ የተቀበሉት ነገር አልነበረም፤ መድኃኒት እንኳ ምክንያቱ ካልተነገራቸው አይውጡም ነበር።

ታላቅ ወንድማቸው ጋሼ፣ ገና ሕፃን ሳሉ የያዛቸው ትኩሳት ጆሯቸውን ወስዶታል። ቤቱ ደግሞ ጨዋታ የማይጠፋበት ቤት ነበር። አባት ራት ላይ ቀልድ ሲጀምሩ ሁሉም ሆዱን ይዞ ይስቃል። ጋሼ ምን እንደተባለ ለማወቅ የእናታቸውን ክንድ ሲነኩ፣ እናት መዳፋቸውን አንስተው «ቆይ፣ በኋላ» የሚል ምልክት ያሳዩአቸዋል። ያ በኋላ የተባለው ሰዓት መጥቶ አያውቅም። ክፋት አልነበረም፤ ሰሃን ይነሳል፣ ልጅ ይተኛል፣ ነገሩ በዚያው ይረሳል። እትዬ ለምን ግን ይህ አንገበገባቸው። ከጋሼ ጋር ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት የእጅ ንግግር ፈጠሩ። አባትን ጢም በመጠምዘዝ፣ ወሬ ወዳዷን ጎረቤት አንገት በማስገግ ይጠሩ ነበር። ያንን ምልክት እስከ ዛሬ ለጎረቤቷ የነገራት የለም።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው፣ በማኅበራዊ ሳይንስ እስከ ዶክትሬት ድረስ ተምረዋል። በ1968 ዓ.ም. ከድልድይ መሐንዲሱ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል። ባለቤታቸው፣ ድልድይ ለመሥራት አንድ ፊርማ ይበቃል፣ በዚህ ቤት ግን ወንበር ለመግዛት የሕፃን ሐሳብ ሳይቀር ይሰበሰባል እያሉ ያማርሩ ነበር። ምሬቱ የውሸት ነበር፤ ወንበሩን በመጨረሻ የሚመርጡት ራሳቸው ነበሩ።

በ1981 ዓ.ም. እትዬ ለምን፣ ጋሼ በጥራዝ ሠራተኛነት የተቀጠሩበትን ትልቅ ማተሚያ ቤት ለማጥናት ገቡ። ድርጅቱ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች በመቅጠሩ ስሙ በበጎ የሚነሳ ነበር። እትዬ ለምን በማሽኖቹ መሀል ሲውሉ ግን ነገሩ መቅጠር ላይ ብቻ እንደቆመ አዩ። የፈረቃ ለውጥ የሚነገረው በድምፅ ማጉያ ነው። የእድገት ማስታወቂያ የሚነገረውም በድምፅ ማጉያ ነው። እነ ጋሼ ፈረቃው መቀየሩን ሳያውቁ በተለመደው ሰዓት ይመጣሉ፤ አርፍዳችኋል ተብለውም ይቀጣሉ። ሰውን በር ማስገባትና ከሥራው እኩል ተካፋይ ማድረግ ለየቅል መሆናቸውን ጥናታቸው ግልጥልጥ አድርጎ አሳየ።

ጥናቱ የቀረበ ዕለት እትዬ ለምን የሚሠሩበት የጥናት ተቋም አዳራሽ በኃላፊዎች ተሞላ። የጥራዝ ክፍል ሠራተኞችም ተጋብዘው፣ ለክብራቸው ተብሎ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እትዬ ለምን ስለ ድምፅ ማጉያው ግሩም አድርገው ተናገሩ፤ የተናገሩትም በድምፅ ማጉያ ነበር። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይምጣ ያለ አልነበረም፤ እሳቸውም አላሰቡትም። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ጋሼና ጓደኞቻቸው ወደ ኋላ ዞር ብለው አይተው አብረው አጨበጨቡ። ሲወጡ ጋሼ በሩ ላይ የእህታቸውን ክንድ ነኩና በዚያ በልጅነት የእጅ ንግግር ጠየቋቸው፦

«ስለ እኔ ምን አልሽ?»

የእትዬ ለምን መዳፍ የእናታቸውን «ቆይ፣ በኋላ» ሊያሳይ ተነስቶ መሀል ላይ ቀረ። እዚያው በር ላይ አለቀሱ። በሳምንቱ ያንኑ አዳራሽ አስከፍተው፣ ያንኑ ጥናት በአስተርጓሚ እንደገና አቀረቡ። ጋሼ ሁለት ቦታ ላይ ተሳስተሻል አሏቸው፤ ታረመ። ማተሚያ ቤቱ ማስታወቂያውን በሰሌዳ መጻፍ ጀመረ፤ ጋሼም ውለው አድረው የጥራዝ ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ለምን ስለ ፋብሪካም ሆነ ስለ መንደር ያጠኑትን፣ የተጠኑት ሰዎች አስቀድመው ሰምተው ሳያርሙት አሳትመው አያውቁም። ያንን የአዳራሽ ውሎም ለተማሪዎቻቸው ሳይደብቁ ሲያስተምሩበት ኖረዋል። ሥራቸው ይዘገያል እየተባለ ለእሳቸው ታስቦ የነበረው የተቋሙ ኃላፊነት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከፍቷቸው ነበር፤ አልከፋኝም ብለውም አልዋሹም።

ባለቤታቸውን ካጡ በኋላ የጉሮሮ ሕመም ጀመራቸው። ቀዶ ሕክምናው ሕይወታቸውን አትርፎ ድምፃቸውን ወሰደ። በመጨረሻው ሰሞን፣ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው አይደረግላቸው በሚለው ልጆቻቸውና ሐኪሞቹ አልጋቸው አጠገብ ቆመው ይከራከሩ ጀመር። እሳቸው እስክሪብቶ መያዝ አቅቷቸው፣ ዓይናቸውን ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው ያዞሩ ነበር። እንደዚያ መሆንን ከማንም በላይ የሚያውቁት ጋሼ ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት። (እኛ «በመዳፍ» ብለን ጽፈን ነበር፤ ጋሼ አስቀድመው አንብበው አርመውናል።) ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ጋሼ ጎንበስ ብለው በዚያው በልጅነት የእጅ ንግግር ጠየቁ፤ የእህታቸው እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ቀስ እያለ መለሰ። ከተማሩት ሁሉ መሀል አንድም ሰው አልገባውም። ምን እንዳሉ ለማወቅ የጋሼን ክንድ የምንነካው በተራችን እኛ ሆንን።

ጋሼ መልሱን ጻፉልን። ቀዶ ሕክምናው ይቅር፤ ወደ ቤቴ መልሱኝ፤ መስኮቱ አጠገብ አስተኙኝ የሚል ነበር። ከሥሩም እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ስሞት ስለ እኔ የሚነበበውን ወንድሜ ከሁላችሁ እኩል ይወቀው። በኋላ አትበሉት።»

የፈለጉት ሁሉ ተፈጸመላቸው። እትዬ ለምን ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ በቤታቸው መስኮት አጠገብ፣ እጃቸው በጋሼ እጅ ውስጥ እንዳለ፣ በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን ጋሼንና ይህን የጻፈችውን ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። በጣም ይናፍቁናል ብለን እንዳንነግራቸው፣ ለምን ይሉናል ብለን እንፈራለን፤ መልሱን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሰውን ሲያደምጡ የኖሩትን እህታችንን ፈጣሪ ከአጠገቡ አስቀምጦ ያድምጥልን፤ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን። ይህን በቀብሩ ላይ የሚያነብልን ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚውን ይጠብቅ። የአስተርጓሚው እጅ ሲያርፍና ጋሼ ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ ያን ጊዜ ሁላችንም በአንድነት አሜን እንላለን።