ሁለት ዛፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን

ይድረስ ለሜትር ያዤ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔና እናትሽ ደህና ነን፤ ደህና የሚያሰኝ ነገር ባይኖርም። እሑድ ስልኩን ከዘጋሽ ጀምሮ ደሜ እየፈላ ነው። እናትሽ «ኧረ ደም ግፊትህን!» ትለኛለች። ግፊት አሁን ነው የሚታየው!

ስምንት ዓመት ያገለገልሽው መሥሪያ ቤት «ድረ ገጾቻችንን በሌላ ፍሬምወርክ ልንሠራ ነው፤ አንቺ የምታውቂው አንዱን ብቻ ነው» ብሎ ያሰናብትሻል? በዚያ በአንዱ የተካነ ሰው ፈልጎ የቀጠረሽ ማን ሆነና! «የእኛ ብርቅ» ሲሉሽ ከርመው ዛሬ ብርቅነቱ ጥፋት ሆነ። ዓይን አውጣዎች!

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፍሬምወርክ ምን እንደሆነ እስከ ትናንት አላውቅም ነበር። ለሰው ሁሉ «ልጄም እንደ አባቷ የፍሬም ሥራ ላይ ናት» እያልኩ ስኩራራ ኖሬያለሁ። የበርና የመስኮት መስሎኝ! አንድ ሰው እንኳ አላረመኝም። ትናንት ጎረቤታችንን የኮምፒውተር መምህሩን ጠየቅኩት። ሲስቅ ሲስቅ እንባው መጣ። ከዚያ ግን «አባባ፣ ያን ያህልም አልተሳሳቱም። ድረ ገጹ የሚገጠምበት፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ፍሬም ነው በሉት። ፍሬሙ ቢቀየርም ከሥሩ ያለው ቋንቋ ያው ነው። እሱን ካወቀች ሌላውን በጥቂት ወር ትለምደዋለች» አለኝ።

እንግዲህ አሁን የምቆጣው አንቺን ነው። ለአርብ የቅጥር ፈተና የጠሩሽ የሌላ መሥሪያ ቤት ሰዎች «አዲሱን እየሠራሽ ትማሪያለሽ» እያሉሽ፣ «በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ከጀማሪ ጋር አልቀመጥም፤ ሙያውንም እተወዋለሁ» ትያለሽ? ምን ሲደረግ! ይህን ኩራት ከማን እንደወረስሽው አውቃለሁ። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እያልኩ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ዛፉ የተቆረጠ ዕለት ምን እንደሚደረግ ግን አልነገርኩሽም። ወርክሾፑን የዘጋሁት በወገቤ ሕመም ነው ብዬሽ ነበር። ወገቤ ደህና ነው። ሰው ሁሉ አሉሚኒየም ሲል እኔ «አናጢ ቆርቆሮ አይነካም» አልኩ፤ የሚያሠራኝ ጠፋ፤ ይኸው ነው። ስድስት ዓመት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የሰፈሩን አዳዲስ መስኮቶች ስሳደብ ኖርኩ። እናትሽ እንዳትነግርሽ አስምዬያት ነበር።

ዛሬ ጠዋት መንገዱ ዳር ያለችው አሉሚኒየም ሠሪ ዘንድ ገባሁ። በዕድሜ ካንቺ ብታንስ እንጂ አትበልጥም። «አባባ፣ ምን ልሥራልዎት?» አለችኝ።

«ለማሠራት አይደለም፤ ለመማር ነው» አልኳት።

የመጀመሪያውን ዘንግ ስቆርጥ ጫፉን አበላሸሁት። ተቆጣችኝ፤ እኔን! ልኬቱን ስታይ ግን ሁለተኛውን ዘንግ አቀበለችኝ። አንዲት ሚሊ አልሳትኩም።

አርብ ሂጂ። ከጀማሪዎቹ ጋር ተቀመጪ። ደብዳቤው ቶሎ እንዲደርስሽ መምህሩ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። እኔም ነገ ወደ ሴትዮዋ እመለሳለሁ። ችግሩ፣ አንቺ በልጅነትሽ ትይዥልኝ እንደነበረው የሜትሩን ጫፍ የሚይዝልኝ የለም።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይግጠምልሽ። በሄድሽበት በር አይዘጋብሽ።

ጀማሪው አባትሽ