የእማዬ በርሜልና ጆሮ ያለው ቧንቧ

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? የባልሽ ሳል ለቀቀው? ትልቋ ልጅሽ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? ትንሹስ አሁንም ጫማ አላደርግም እንዳለ ነው? ለእያንዳንዱ መልስ እፈልጋለሁ፤ "ሁላችንም ደህና ነን" ብለሽ እንዳትገላገዪኝ። እኛ እግዜር ይመስገን በጤና አለን። እማዬም ድምጿ ከእኔ ይበልጣል። ድካም የተጫወተብኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ይሄን ስጽፍልሽ እንኳ እግሬን የተደፋ ባልዲ ላይ ሰቅዬ ነው።

ድካሙ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ፤ ታውቂኛለሽ፣ ሳልናገር አይወጣልኝም። ውሃ መሥሪያ ቤት የአቤቱታ ስልክ የማነሳው እኔ ስለሆንኩ፣ ውሃ የጠፋበት ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚጮኸው፤ ቧንቧውን በጥርሴ ነክሼ የያዝኩት ይመስል። ኢንጂነራችን እንደምትለው ከማጠራቀሚያው ከሚወጣው ውሃ ሲሶው ያህል ቤት ሳይደርስ መሬት ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ብለው ዘንድሮ አዲስ መሣሪያ አመጡ። አንዱ ቧንቧው ላይ ተለጥፎ እንደ ሐኪም ማዳመጫ የውሃውን ድምፅ ይሰማል፤ ሌላው ወደ አንድ መንገድ ቤቶች የሚገባውን ውሃ ይለካል። የሰሙትንና የለኩትን ወደ ቢሮ ይልካሉ፤ እኛም ኮምፒውተሩ ላይ ከፍ ዝቅ በሚል መስመር እናየዋለን። ድሮ እኮ ቧንቧ መፈንዳቱን የምናውቀው መንገዱ ረጥቦ ሰው ሲንሸራተት ነበር።

ለሙከራ የተመረጠው እማዬ ቤት ያለበት መንገድ ነው። ቆፋሪዎቹ መሣሪያው ያመለከተውን ቦታ ሲቆፍሩ እውነትም የተሰነጠቀ ቧንቧ አገኙና ጠገኑት። ፈረቃው ቀረ፤ ውሃ በፈለግሽው ሰዓት ሆነ። እማዬም ጄሪካን ይዛ ቁልቁለቱን መውረድ ቀረላት። አምና ከነጄሪካኑ ወድቃ የእጇ አንጓ የወለቀ ጊዜ ስልኩ ላይ ያለቀስሽው ለቅሶ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሥራ አስኪያጁ ግን በዚያ መንገድ የሚባክነው ውሃ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀነሰ መሣሪያው ተነቅሎ ለሌላ ሰፈር ይሰጣል፣ እናንተም ወደ ፈረቃችሁ ትመለሳላችሁ አለ። መስመሩ ደግሞ አልወርድ አለ። መሣሪያው ይፈሳል ይላል፣ ይቆፈራል፣ ቧንቧው ደህና ይሆናል። የቆፋሪዎቹ አለቃ፣ ዶማው የምንለው፣ "ይሄ ማሽን ጆሮው ኩክ ሞልቶበታል" እያለ አፈሩን ይመልሳል። የእማዬ ጎረቤት ልብስ ሰፊዋ ደጇ በተቆፈረ ቁጥር "ወርቅ ካገኛችሁ እኩል ነው" ትል ነበር፤ በኋላ ቀልዱም አልቆባት ሰላምታ ነሳችኝ። ቢሮ ስገባ የአለቃ ፊት፣ ሰፈር ስገባ የጎረቤት ኩርፊያ። እንዲያው አጥንቴ ድረስ ነው የደከመኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጫማዬ ተበጠሰና በምሳ ሰዓት ነጠላ ጫማ ልዋስ ብዬ እማዬ ቤት ጎራ አልኩ። ጓሮ ስገባ በርሜሉ ሞልቶ፣ ቧንቧው እንደተከፈተ። እማዬ ጓሮው እንዳይጨቀይ ብላ ትርፉን በጎማ ወደ ቦዩ ትለቀዋለች። በፈረቃው ዘመን ሁላችንም እንዲያ አልነበር የምናደርገው? ውሃው ቤት በሌለንበት መጥቶ እንዳያመልጠን ቧንቧውን ከፍተን፣ በርሜል ደቅነን እንወጣ ነበር። ፈረቃው ሲቀር ልማዱ አልቀረም። የልብስ ሰፊዋም ጓሮ ያው ነው፤ ከእሷ ቀጥሎም ያው። የቤቶቹ ቆጣሪ አርጅቶ ስለቆመ የሚቆጥርባቸው የለም። መሣሪያው ለካ አልዋሸም፤ ውሃ መፍሰሱን ሰማ እንጂ ለምን እንደሚፈስ ማን ነግሮት። ለኢንጂነሯ ስነግራት ግንባሯን ይዛ ሳቀችና ወዲያው ስልኳን አንስታ "ያንቺስ ቧንቧ ተዘግቷል?" ልትል እናቷ ዘንድ ደወለች።

ጎረቤቶቹ ሲነገራቸው ዘጉ። እማዬ ግን ወይ ፍንክች። "ስንት ዓመት ነገ ይመጣል እያላችሁ ያስጠማችሁኝ ሰዎች፣ አሁን በአንድ ወር ላምናችሁ?" አለችኝ። ፈረቃው ቢመለስ ጄሪካኑን ማን ይሸከማል ብላት "ያው የለመደችው" አለች። ወገብሽን፣ እጅሽን ብዬ ለመንኳት፤ ተቆጣኋት፤ መልሼ ለመንኳት። ቃል ሲያልቅብኝ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ድካሙ ነው መሰለኝ እንባዬ መጣ። አይታኝ ሄዳ ቧንቧውን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። "አንቺን ብዬ ነው፤ ውሃውን አምኜ እንዳይመስልሽ" አለችኝ።

በማግስቱ መስመሩ ወረደ። ሥራ አስኪያጁም መሣሪያው ይቆይ፣ የቤቶቹም ቆጣሪ ይቀየር አለ። ብቻ ሰው ሁሉ ሥራ በሄደበት ሰዓት መስመሩ ላይ እንደ እሾህ ብቅ እያለ የሚጠፋ ነገር አለ። ኢንጂነሯ ቆፋሪዎቹን ልትጠራ ስትል "ተዪው፣ እናቴ ናት" አልኳት። ቧንቧውን ከፍታ ውሃው መኖሩን ታያለች፣ ትዘጋለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ታያለች። ጠዋት ጠዋት ስልኩ ሲጮህብኝ ያቺን እሾህ እፈልጋለሁ። ብቅ ስትል እማዬ ቆማ ትሄዳለች ማለት ነው፤ ልቤ ያርፋል።

ባልሽን በርታ በዪልኝ፤ ሳሉን ችላ እንዳይል። ትልቋን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ትንሹን እግሩን፣ ያለ ጫማ እንዳለ። አማትሽን እጅ ነስታለች በዪልኝ። ልብስ ሰፊዋም ታርቃኛለች፣ ሰላም ብላሻለች። እማዬ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ ጻፊላት የምትለኝ አንድ ነገር ነው፤ እዚያ አገር ውሃው አይጠፋም ቢሉሽም በርሜል ግዢ።

የማትረሳሽ እህትሽ

ከእማዬ ጓዳ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ
ሰኔ 9 ቀን