እትዬ ክር የመረጡበት ጠዋት

እታለም፣ ፖስት ካርዷ መዳፍ ታህላለች፣ ወሬዬ ደግሞ ጆንያ ሙሉ ነው። የመንገዱን ስመለስ።

የእህቴን የእትዬን ነገር ታውቂያለሽ። አምና አንዱ ዓይናቸው ላይ የገባው ሌንስ ሩቁንም ቅርቡንም ቢያሳያቸው፣ በነጭ ጨርቅ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ መስመር እያበጀ ክር ማመሳሰል አቃታቸው። «ክር የማይለይ ምን ሰፊ ነው?» ብለው የስፌት መኪናቸውን ለአንድ ሰውዬ ሊሸጡ ቃል ገብተው ሳለ ነው ወደዚህ ሆስፒታል የመጣነው።

እዚህ ያሉት ሐኪም ለሁለተኛው ዓይን ሌላ ዓይነት አስገቡላቸው። ላዩ ላይ የተቀረጹት ስስ ቀለበቶች የተበታተነውን ቀለም ወደ አንድ ቦታ ይሰበስባሉ አሉን። «ጨርሶ አይጠፋም፣ ይቀንሳል እንጂ» አሉ፤ የማይዋሽ ሰው ደስ ይላል።

ትናንት ፋሻው ተነሣ። ክፍሉ እንደኛ ስፌት ሱቅ የጨርቅ ቁርጥራጭ የሚረገጥበት እንዳይመስልሽ፤ ግድግዳውም አንሶላውም ነጭ በነጭ ነው። ፊደል ያንብቡ ሲባሉ እትዬ እንቢ አሉ። ከቦርሳቸው ክር አውጥተው መስኮቱ ጋ ሄዱና፣ እንደ ልማዳችን አንዷን መዘው ነጠላቸው ላይ አስተኟት። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ የጋወንሽን ጠርዝ ማን ነው የሰፋልሽ? ነጭ ላይ ክሬም ክር?» አሉ።

ነርሷ ራሷ ብርሃን ላይ ወጥታ እስክታየው ድረስ አልታያትም። ሐኪሙ ሳቁ፣ እኔ አለቀስኩ።

ቦታ አለቀ፣ ዳር ዳሩን እየጻፍኩ ነው። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን። መኪናውን ሊገዛ የሚመጣውን ሰውዬም ከበር መልሺልን፤ እትዬ ራሳቸው ይሰፉበታል በዪው።