ዘጠና አምስት ብዬ የጻፍሁ ዕለት

ይድረስ ለእህቴ ለካሊዮፒ፣ ሜልቦርን።

እንደምን ከረምሽልኝ እህት ዓለም? ብርድ ሲመጣ የሚያስነክስሽ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ባልሽ ቶማስስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ፤ ንቦቼም ደህና ናቸው። ፊደሌን አይተሽ አትሳቂ፤ ሦስተኛ ክፍል ላይ እንዳቆምሁ ታውቂያለሽ።

ስድስት ዓመት ሙሉ «ንቦቼን ትቼ የትም አልሄድም» እያልሁ የጻፍሁልሽ ውሸት ነው። የሚስቴን የስታማቲያዬን ሬሳ በመርከብ ይዤ ከተመለስሁ ወዲህ፣ የመርከብ ጡሩንባ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ግን እኔ ኖሚኮስ ፈራሁ ልበል?

አርጊሮ ሴት ልጅ ወለደችልን! እሑድ ባሕር ማዶ ፒሬየስ ከተማ ክርስትና ትነሳለች፤ ስሟ የአያቷ ነው፣ ስታማቲያ። አርጊሮ በስልክ «አባዬ፣ የእማዬ ስም ሲጠራ አንተ ላትኖር ነው?» ብላ አለቀሰች።

ባለፈው ክረምት ሚርሲኒ የምትባል የሥነ ልቦና ሐኪም ከዩኒቨርሲቲ ወደ ደሴታችን መጥታ ነበር። ጥናቷ ሰውን ከቤት ስለሚያስቀር ጭንቀት ነው። መርከብ የምንፈራውን በዕጣ ለሁለት ከፈለችን፤ ገሚሱ አተነፋፈስ ይማራል፣ ገሚሱ የሚፈራውን በጥቂት በጥቂቱ ይጋፈጣል። የቱ እንደሚሻል ልታይ ነው። ለእኔ መጋፈጡ ደረሰኝ። እኔማ «ልጅቷን ልርዳት ብዬ ነው» እያልሁ አስወራሁ።

መጀመሪያ ወደቡ ላይ መቆም፣ ከዚያ መወጣጫውን መርገጥ፣ ከዚያ የቆመ መርከብ ውስጥ መቀመጥ። በየጊዜው ፍርሃቴን ከዜሮ እስከ መቶ እጽፋለሁ። ሸሚዜ በላብ ርሶ ዜሮ! ሁልጊዜ ዜሮ!

አንድ ቀን ወረቀቶቹን ገልጣ፣ «አባባ ኖሚኮስ፣ ዜሮ የሚሆነው የሞተ ሰው ብቻ ነው። ሞተዋል እንዴ?» አለችኝ።

የመርከብ ገመድ የሚያስረው ጎረቤቴ ፋኑሪዮስ ሰምቶ፣ «እሱ ቢሞትም አያምንም!» ብሎ ሳቀብኝ።

ደሜ ፈላ፤ ልሄድ ተነሣሁ። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እርስዎ ከዋሹኝ ጥናቴም ይዋሻል፤ ነገ በእሱ የሚታከመው ሰው ምን በደለ?» አለችኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ዘጠና አምስት ብዬ ጻፍሁ። ካሊዮፒ፣ ድንጋይ ስፈልጥ ኖሬ እንደዚያች እስክሪብቶ የከበደኝ ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ይወርድ ጀመር። «ፍርሃቱ ሲመጣ አይሽሹ፤ ይቆዩ፣ ራሱ ይደክመዋል» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው።

ይኸውልሽ፣ ይህን የምጽፍልሽ መርከብ ላይ ሆኜ ነው! ስንነሣ ዘጠና ደርሶብኝ ነበር። ፋኑሪዮስ ገመዱን እየፈታ «ኖሚኮስ፣ ዋኝተህ እንዳትመለስ!» ሲል ወደቡ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጽሑፌ የተንጋደደው ሞተሩ ጠረጴዛውን እያንቀጠቀጠው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። እሺ፣ ትንሽ እኔም ነኝ።

ቶማስን ሳሚልኝ። ለልጅሽ ለዘኖቪያ አጎትሽ ባሕር ላይ ነው በያት፤ ባታምን ደብዳቤውን አሳያት። ለትንሹ ለማኖሊስ ማር እልክለታለሁ። እሑድ የስታማቲያ ስም ሲጠራ የአንቺንም ሻማ እኔ አበራለሁ።

ወንድምሽ ኖሚኮስ

ከአሞርጎስ ወደ ፒሬየስ፣ ባሕር ላይ
ዓርብ፣ ሜይ 17 ቀን 2019
ፍርሃት፦ አርባ