የታላቅ እህቴ ጉርሻ

ማክሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ይበልጣል ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ጠያቂ አልተቋረጠም። የልቡ የደም ሥር በስብ ጠቧል፤ ስኳርም ተገኝቶበታል። ሐኪሙ ክብደት ቀንስ፣ ቅባትና ጣፋጭ ተው ብሎታል። ጠያቂው ግን ለስላሳና ዳቦ ተሸክሞ ይመጣል፤ በሽተኛ ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም። ከበር እየመለስሁ የዘንዘልማን ጎረቤት ሁሉ አስቀየምሁ። አልጸጸትም።

ዛሬ ግን ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ ከቆላ ድባ ቅቤ ይዛ መጣች። የልጁ እናት ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። እሷን መመለስ አልቻልሁም።

«ልጄን በረሃብ ልትፈጀው ነው? ከስቶ አለቀ እኮ!» አለች። ሆዱ ከቀበቶው በላይ ተንጠልጥሏል።

«ጥሩዬ፣ የሚገድለው ውፍረቱ ነው። ስቡ የደም ሥሩን ይዘጋዋል። አንብቤያለሁ።»

«ያነበብኸው መጽሐፍ ልጅ አሳድጓል?»

የቀቀልሁለትን የጣና ዓሣ ወደ ጎን ገፍታ፣ ስትሠራ የዋለችውን ዶሮ በቅቤ አርሳ አቀረበች። ጉርሻውን ወደ አፉ ስታስጠጋ ይበልጣል ዓይን ዓይኔን አየኝ። እንቢ በል ብለው ያሳደገውን እጅ ሊገፋ ነው። ዓይኔን ወደ ዓሣው መለስሁ። አፉን ከፈተ።

«አንድ ያጣላል» ብላ ደገመችው።

አሁንስ በቃ ብዬ ልቆጣ ስነሳ ቀጣዩን ወደ እኔ አዞረችው።

«አንተም ክፈት፣ ግትር!»

ታላቄ ናት፤ ከፈትሁ። አላምጬ ሳልጨርስ ለእሱ ሌላ ጠቀለለች።