ወንድምህን ያልጠየቅኸው ነገር

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ሦስት ቀን ቀረው። እዚህ ሮቤ ሙት ዓመትህን ልናወጣ ሽር ጉድ እያልን ነው፤ እማዬ ድንኳኑ የሚተከልበትን ቦታ ስትጠርግ ውላ ገና አሁን ተቀመጠች።

ያልሰማኸው ነገር አለ። ያንተ በሽታ እኔንም ያዘኝ። ከፋሲካ ወዲህ በሳምንት ሁለቴ ጎባ እየሄድኩ ኩላሊቴን እታጠባለሁ፣ አንተ ትታጠብበት በነበረው ክፍል። ስሄድ በሚኒባሱ መስኮት የገብሱን ማሳ አያለሁ፤ ስመለስ ቀና የምልበት አቅም የለኝም። ከጎኔ አንዲት የጊኒር ሴት ነበረች፣ ቀልደኛ፣ ነርሶቹን ሁሉ ካልዳርኩ የምትል። ሁለት ጊዜ ቀረች። በሦስተኛው ጊዜ ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው አገኘሁ። የት ሄደች ብዬ አልጠየቅኩም። ፈራሁ፣ አባዬ። በጣም ነው የምፈራው።

ዶክተሩ ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድ ፈልጊ ብሎኛል። እማዬ ስኳር ስላለባት አይሆንም ተባለ፤ ወንድም እህት የለኝም። የቀሩት ታናሽ ወንድምህ ጋሼ ደምሴ ናቸው።

ማር ይዘው ከሚኖሩበት ከአንገቱ ከተማ የመጡ ቀን ትዝ ይልሃል? ጠዋት ታጥበህ ስለነበር መቆም አቅቶህ ነበር። ግን ኮትህን ለብሰህ፣ በፋሻ የታሰረ ክንድህን እጅጌው ውስጥ ደብቀህ፣ እየሳቅህ አስተናገድካቸው። ትንሽ ጨጓራ ነው አልካቸው። መናኸሪያ ሸኝተሃቸው ስትመለስ ደጃፉ ላይ ዘጭ አልክ። ለምን አልነገርካቸውም ብልህ፣ “ማር ይዞ የመጣን ሰው አካልህን ስጠኝ ይባላል?” ብለህ ተቆጣኸኝ። ያን ቀን ተናደድኩብህ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ለቅሶህ ላይ ጋሼ ደምሴ ደረታቸውን እየደቁ፣ “አንድ ቃል ቢተነፍስልኝ ሁለቱንም እሰጠው ነበር” እያሉ አለቀሱ። ያቺን ቃል ይዤ ነው የከረምኩት። ግን ሰው ለቅሶ ላይ ብዙ ይላል። አምስት ልጅ የሚያሳድጉት ቡና ለቅመው በጉልበታቸው ነው። እምቢ ቢሉኝ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? እሺ ብለው አንድ ነገር ቢሆኑስ፣ ለልጆቻቸው ምን እላለሁ?

አሁን ደርሰዋል። ሳሎን ከእማዬ ጋር ሲያወሩ ይሰማኛል፤ ሳላቸው እንኳ ያንተው ነው።

አልረሳህም፣ አባዬ። ሳቅህን አልረሳም፣ ዝም ብለህ መሞትህንም አልረሳም። እሱን ስለማልረሳ ነው አሁን ተነስቼ ወደ ሳሎን የምሄደው።

ልጅህ ጫልቱ